ከሰመርቀንድ ያልታዩት 27 ከዋክብት

ሱረያ የምትባል ልጅ ከቤታችሁ ባትኖር ከጎረቤት አትጠፋም። ስሙ በሰማይ ተቃቅፈው የሚታዩ የከዋክብት ስብስብ መጠሪያ ነው። በዓይናችን ስድስት ወይም ሰባት ብንቆጥርም አባላቱ ከሺህ ይበልጣሉ። ሱረያን ያስታወቃት ግን ትልቅነቷ አይደለም፤ ቅርበቷ ነው፤ 440 የብርሃን ዓመት ገደማ ብትርቅ ነው። በዚሁ በጋላክሲያችን ከእርሷ በብዙ እጥፍ የከበዱ ስብስቦች እያሉ ለዘመናት ማንም አላወቃቸውም።

የሰመርቀንዱ ገዥ ዑሉግ ቤግ በ841 ዓመተ ሂጅራ (1437 እ.ኤ.አ.) ከ1,000 በላይ ከዋክብት የያዘ መዝገብ አዘጋጀ። ከእነዚህ 27ቱ እጅግ ወደ ደቡብ ያሉ ስለሆኑ ከሰመርቀንድ ሊለካቸው አልቻለም። እናም አብዱረህማን አስ-ሱፊ በ964 ከጻፈው መጽሐፍ ወሰዳቸው። እኛን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ ጥንቃቄው ነው፤ ካለበት ስፍራ ስላላያቸው ብቻ ከመዝገቡ አላስቀራቸውም።

ሌላው መጋረጃ አቧራ ነው። ስዊድናዊው ቤንት ቬስተርሉንድ በ1961 ከአውስትራሊያ አንድ ስብስብ አገኘ። በዓይን ከሚታየው ዓይነት ብርሃኑ አቧራውን አልፎ የሚደርሰን ከ10,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ክብደቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን እንደሚያህል በጥናት የተገለጠው በ2005 ነው፤ 44 ዓመት ሙሉ መዝገብ ላይ ተቀምጦ! ከ1997 እስከ 2001 በአሪዞናና በቺሊ የቆሙ ቴሌስኮፖች ሰማዩን በሙሉ አቧራን በሚያልፈው በኢንፍራሬድ ብርሃን ካነሱት ወዲህ ደግሞ ሌሎች ብዙ ተገኝተዋል።

ይሁንና በሳነቲ ጉም ውስጥ ከብት የሚቆጥር እረኛ የሚያገኘው ቅርቡንና ነጩን ነው። ቆጠራውን እንዴት ያርማል? ተመራማሪዎቹ በኮምፒውተር የሐሰት ስብስቦች ሠርተው በፎቶው ውስጥ ይደብቃሉ። ከ100 ድብቅ 60 ብቻ ከተገኘ፣ 60 እውነተኛ ባዩበት ስፍራ 100 ገደማ እንዳለ ይገምታሉ። ይህንንም ለደማቁና ለደብዛዛው፣ አቧራ ለበዛበትና ላነሰበት ለየብቻ ያደርጉታል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ያለዚህ ግን ቁጥሩ የሰማዩን ሳይሆን የመሣሪያውን አቅም ብቻ ይናገራል።

ሮቤና ጎባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቁ የደቡቡ ሰማይ ለእኛ ክፍት ነው። በመጋቢት ከሱብሂ በፊት ወደ ደቡብ ብትመለከቱ፣ ከዐቅረብ ማለትም ከጊንጡ ጭራ መታጠፊያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የቬስተርሉንድ ስብስብ ያለበት አቅጣጫ ነው። ስብስቡ በዓይን አይታይም። ያ ስፍራ ከሰመርቀንድ ከአድማስ ብቅ የሚለው 5 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ከባሌ ግን እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ይወጣል።