ከሱቅ በደረቴ እስከ ሌሊት መደብር

ሲንጋፖር ውስጥ ሕንዶች በሚበዙበት ሰፈር ሙስጠፋ ሴንተር የሚባል ግዙፍ መደብር አለ። ወርቁ፣ ሻንጣው፣ ጨርቁ፣ መድኃኒቱ፣ ቅመሙ ተደማምሮ ከ300,000 በላይ ዓይነት ዕቃ እንደሚሸጥበት ይነገራል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሩ ሌት ተቀን ክፍት ነበር፤ ሰዓቱ ያጠረው ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ነው። ባለቤቱ ሙስጣቅ አሕመድ ንግድን የጀመረው በልጅነቱ ነው። አባቱ በጋሪ ምግብ ሲሸጡ እሱ ከአጠገባቸው መሐረብ ይሸጥ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ከአባቱና ከአጎቱ ጋር ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፈተ።

የሕይወት ታሪኩ የወልቂጤን ወይም የቡታጅራን ሰው ብዙም አያስደንቅም። ሊስትሮ ሆኖ ወይም ማስቲካና ሲጋራ በሣጥን አንግቶ ሱቅ በደረቴ እያዞረ ጀምሮ፣ በዕቁብ ብር አጠራቅሞ፣ መርካቶ ውስጥ ባለሱቅ ከዚያም አከፋፋይ የሆነ ሰው የሌለው የጉራጌ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ታዲያ ከእኛ ሱቅ በደረቴዎች መካከል እንደ ሙስጠፋ ያለ መደብር ያቆመ ለምን አልወጣም? የትጋት ጉዳይ ነው የሚል ካለ ታሪኩን አላየም።

ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር የመሸጥን ነገር አገራችን ከሙስጠፋ ሴንተር ቀድማ ከሕንዶች አይታዋለች። መሐመድ አሊ የሚባለው የሕንዶች ኩባንያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረር ገብቶ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ተስፋፋ። ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ የውጭ ዕቃ ያስገባል፤ ቡናና ቆዳ ይልካል። በዘመኑ ከነበሩት የንግድ ቤቶች ትልቁ ሊባል የሚችል ነበር። ይህን ሁሉ ያፈረሰው የፋሺስት ወረራ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ኩባንያውን ዘግተው ከአገር አስወጡት።

እነዚያው ጣሊያኖች አዲስ አበባን በዘር ከፋፍለው፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ «ለአገሬው ተወላጅ» ብለው ወደ ምዕራብ ገፉት። የዛሬው መርካቶ መነሻው ይህ ግፍ ነው። ከነፃነት በኋላ በመርካቶ ሱቆች የዓረብ ነጋዴዎች ገንነው ቆዩ፤ የጉራጌ ልጆች ተላላኪና ረዳት ሆነው በእነሱ ዘንድ ሥራውን ተማሩ። ዓረቦቹ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ሲለቁ ሱቆቹን ብዙ ጊዜ የተረከቡት እነዚሁ ረዳቶች ናቸው። ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሣጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ የሚዘልቀውን ገበያ ስዞር፣ ጣሪያ የሌለው አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ባለቤቱ ግን አንድ ሰው አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

አንድ ሆኖ ማደግ የተከለከለበት ዘመንም ነበር። ደርግ በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴ ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ እንዳይኖረው ደነገገ። የቸርቻሪው ካፒታል ከ200,000 ብር፣ የጅምላ ነጋዴው ከ300,000 ብር እንዳይበልጥም ገደበ። ሙስጣቅ ሲንጋፖር ላይ ሱቁን እያሰፋ በነበረባቸው ዓመታት የመርካቶ ነጋዴ መስፋፋት ወንጀል ሆኖበት ኖረ። የሌሊት ንግድማ ከነጭራሹ አይታሰብም፤ ሰዓት እላፊ ነበረ። ገደቡ የላላው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። አሥራ አራት ዓመት ለአንድ ነጋዴ ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ያለፈበት ብቻ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው እሱን ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ነጋዴና ወዛደር ያጠራቀመውን ገንዘብ ሱቁ ላይ ብቻ አላፈሰሰውም። አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከኪሱ እያዋጣ መንገድ አሠራ። የዓለምገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ድርጅት ቡታጅራን አቋርጦ ወደ ሆሳዕና የሚወርደውን መስመር ያዘ፤ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ደግሞ ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ወደ ውስጥ ያሉትን ወረዳዎች ያገናኘውን። መንግሥትም በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቱ በኩል አገዘ፤ መነሻው ግን የሕዝቡ መዋጮ ነው። አንድ ሰው በስሙ የሚያስጠራው ሕንፃ ሊያቆምበት ይችል የነበረው ገንዘብ የሺዎች መመላለሻ ሆነ።

ከመርካቶ የተጫነ ጨርቅ፣ ሳሙናና የቤት ዕቃ ዛሬም በእነዚያ መስመሮች ወደ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ወልቂጤና ወደ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ቡታጅራ ይወርዳል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ጭነቱ ሰው ይሆናል። መስቀል ሲደርስ ባለሱቁ ሸምቶና ሸክፎ፣ በሩን ቆልፎ ወደ አባቱ አገር ይሄዳል፤ ከመርካቶ ብዙ ሱቆችም ለቀናት ተዘግተው ይቆያሉ።