ዑመር ኢብን ሰዒድ ታሪኩን ጻፈ፤ የሆሞሻን ማን ይጻፈው?



እ.ኤ.አ. በ1831 በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ በባርነት የሚኖር አንድ ሽማግሌ የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ። ስሙ ዑመር ኢብን ሰዒድ ነው። በዛሬዋ ሴኔጋል ፉታ ቶሮ ተወልዶ ለ25 ዓመታት ዒልም የቀሰመ ሰው ነበር፤ በ1807 ተማርኮ ተሸጠ። ጽሑፉን የጀመረው በሱረቱል ሙልክ ነው፤ ንግሥና የአላህ ብቻ መሆኑን በሚያውጀው ሱራ። ያ ጽሑፍ ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

እንዲህ ያለው ታሪክ ዩኒቨርሲቲ የገባው ግን በትግል ነው። ሊዮ ሃንስቤሪ በ1922 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ማስተማር ሲጀምር፣ አፍሪካ ታሪክ የላትም የሚሉ ምሁራን ብዙ ነበሩ። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ የጥቁሮች ጥናት ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል የሆነው፣ ተማሪዎች ከ1968 እስከ 1969 ለወራት ትምህርት አቁመው ከታገሉ በኋላ ነው።

ይህ እኛን ምን ያገባናል? ከአሶሳ በስተሰሜን ያለችውን ሆሞሻን እንመልከት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሶሳና ከቤላ ሻንጉል ጋር የራሷ ሼኽ የነበራት ግዛት ነበረች። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ሱዳንን የያዘው የግብፅ ጦር ወርቅና ሰው ፍለጋ አካባቢውን ይወር ነበር። በ1897/98 የራስ መኮንን ዘመቻ ሦስቱን ግዛቶች ወደ አጼ ምኒልክ መንግሥት አስገባ፤ የሰው ንግዱ ግን አልቆመም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1942 ነው።

እውነቱን እንናገር። በዚህ ንግድ እጃቸው ከነበረበት መካከል የእኛው ሼኾች ይገኙበታል። ሼኽ ሆጀሌን ስናወሳ ቤተ መንግሥታቸውን እንጠቅሳለን፤ ተይዘው የተሸጡትን የበርታና የጎረቤት ሕዝቦች ልጆች ግን አንጠቅስም። ዲናችን ባሪያ ነፃ ማውጣትን ከዘካ ስምንት ድርሻዎች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ የሼኾቹን ስም ለመጠበቅ ብለን የተበዳዮችን ታሪክ ብንቀብር፣ የጠበቅነው ዲኑን ሳይሆን ሥልጣንን ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ የሚኖረውም ታሪኩ ስላልተነገረ ጭምር ነው።

ዑመር ብዕር ነበረው። ከሆሞሻ የተወሰዱት ግን አብዛኞቹ የጻፉት የለም፤ ታሪካቸው ያለው በአዛውንቶች አንደበት ነው፤ በበርታ ቋንቋና በዐረብኛ። አንድ ሽማግሌ ወደ አኼራ በሄደ ቁጥር አንድ መዝገብ ይዘጋል። አሶሳ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የታሪክ ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድምና እኅቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ከሩቅ አትፈልጉ። የመስጂድ ኢማሞችም አዛውንቶቹን አገናኟቸው። እኛ ደግሞ ልጆቻችን አያቶቻቸውን በስልካቸው እንዲቀርጹ እናበረታታ።

አላህ እውነትን የምንናገርና በፍትሕ የምንቆም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።