የጥቂቶች ሕመም፣ የብዙዎች መድኃኒት

ስለ ጤና በጀት ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ “ጥቂት ሰው ብቻ ለሚይዘው በሽታ ምርምር ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል?” የኩላሊት ካንሰር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪ ካንሰር የሚነሳው ክሮሞዞሞቿ ከተዛቡ አንዲት ሕዋስ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን መፈተን ግን ቀላል አልነበረም። የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞም እንዳለው እንኳ የታወቀው በ1956 ነው።

በ1979 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአንድ ቤተሰብን ታሪክ ይፋ አደረጉ። በተከታታይ 3 ትውልድ 10 የቤተሰቡ አባላት የኩላሊት ካንሰር ይዟቸዋል። ክሮሞዞማቸው ሲመረመር የ3ኛውና የ8ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው ተገኙ። ይህ መዛባት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የካንሰሩም አደጋ አብሮት ይወርድ ነበር።

አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። አልታለፈም። በ1980ዎቹ፣ በቤተሰባቸው ካንሰር ታይቶ የማያውቅ ሕሙማን እጢ ሲመረመር፣ ከዚያው ከ3ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ቁራጭ ጎድሎ ተገኘ። የጎደለው ምንድን ነው?

መልሱ የመጣው ከሌላ ብርቅ በሽታ ነው። ቮን ሂፐል-ሊንዳው የሚባለው ይህ በሽታ በዘር የሚወረስ ሲሆን በዓይን፣ በአንጎልና በኩላሊት ላይ እጢ ያበቅላል። የሚይዘው በግምት ከ36,000 ሰው አንዱን ነው። በ1993 የበሽታው ጂን በዚያው በ3ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ተገኘ። ጂኑ ሲበላሽ ሕዋሷ ኦክስጅን ሳይጎድላት የጎደላት ይመስላታል፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ እሷ እንዲያድጉ ትጣራለች፤ እጢውም በዚያ ደም ይፋፋል። ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለዩ የደረሱበት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴመንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ2021 ይህን የተሳሳተ ጥሪ የሚያቋርጠው ቤልዙቲፋን የተባለ እንክብል ለቮን ሂፐል-ሊንዳው ሕሙማን በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2023 ደግሞ ሌላ ሕክምና ሞክረው ካንሰሩ ለተባባሰባቸው የኩላሊት ካንሰር ታማሚዎች ተፈቀደ።

ከ1979 እስከ 2021 ድረስ 42 ዓመት ነው። የትኛውም የበጀት ዘመን ያን ያህል አይረዝምም። በመካከሉ አንድ ሹም “ለጥቂት ሰው ነው” ብሎ መዝገቡን ቢዘጋው ኖሮ፣ የሚጎዱት እነዚያ ጥቂቶች ብቻ አይሆኑም ነበር።