ከአባ መላ ወንበር እስከ ቅጥር ፎርሙ

ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል! ተማሪ ሳለን የታክሲው ረዳት «ሀብተ ጊዮርጊስ ወራጅ አለ?» ሲል ስሙ የሰው መሆኑም ትዝ አይለን ነበር።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በቅጽል ስማቸው አባ መላ፣ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የምኒልክ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ፊታውራሪ ገበየሁ ዓድዋ ላይ ከወደቁ በኋላ ማዕረጉ ለእሳቸው ሆነ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉም ከወንበራቸው አልተነሱም።

ይህን ታሪክ «ድሮም እኩልነት ነበር» ለማለት የሚጠቅሱት አሉ። እኔ አልስማማም። አንድ ሰው በንጉሥ ዓይን ገብቶ ወጣ ማለት በሩ ለሁሉም ተከፈተ ማለት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም ሐሳቡ ቅጥር በችሎታ እንዲሆን ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ትምህርት ቤት ያልደረሰው አገር ልጅ ምን ይዞ ይወዳደር? ፈተናው አንድ ቢሆንም መነሻው አንድ አልነበረም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ሚዛናዊ ውክልናን መብት አደረገው፤ አንቀጽ 87 ደግሞ ለመከላከያ ሠራዊቱ ይህንኑ ደነገገ። የ1999 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 በብሔር ማበላለጥን ከለከለ፤ ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ግን ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ ሰጠ።

ነገሩ የገባኝ ግን በአዋጅ አይደለም። ተመርቄ ዕጣ ያወጣልኝ ሆስፒታል ውስጥ ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር እናት መጣች። የጽዳት ሠራተኛዋ አስተረጎመችልኝ፤ እኔም «የሆድ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ተረኛዋ ነርስ፣ የዚያው አገር ልጅ፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ሦስት ቀን ሙሉ እየደማች ነበር፤ ለእኔ በሰው አፍ ለመናገር አፍራ ነው ያልተናገረችው። ተረፈች፤ ያተረፈቻት ግን ነርሷ ናት። የእኔ እናት ኦሮሞ ናት፤ መርካቶ ሳድግ ቋንቋዋን አልተማርኩም። ያን ሌሊት በጣም አፈርኩ።

ስለዚህ የሠራተኛ ስብጥር ለእኔ የወንበር ክፍፍል ሳይሆን የበሽተኛ ጉዳይ ነው። ስጋቴንም ልናገር፦ ቅጥር ፎርሙ ላይ «ብሔር» የሚለው መስመር አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። አባቴ ጉራጌ ነው፤ ታዲያ ምን ልሙላ? ኦሮሞውም ጉራጌውም «የእኛ ናቸው» የሚላቸው አባ መላስ ምን ይሞሉ ነበር? ስብጥር ቆጠራ ብቻ ከሆነ አንዱን አስገብቶ ሌላውን ያስቀይማል። የአዋጁ ቅደም ተከተል ትክክል ይመስለኛል፦ መጀመሪያ ብቃት፣ ሲቀራረቡ ሚዛን።

መምህሮቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቻችሁ ወደ ክልል ሳይወጡ «የት ያምሻል? ከመቼ ጀምሮ? ደም አለው?» የሚለውን ቢያንስ በአንድ ሌላ የአገራችን ቋንቋ አስተምሯቸው። ሦስት ጥያቄ ነው፤ እኔ እነዚህን ባውቅ ኖሮ ያቺ እናት እስከ ማታ አትጠብቅም ነበር።