ካንዴሌታ

ካንዴሌታ በናፍጣ ሞተር ቴስታታ ላይ የሚታሰር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሣ የማቃጠያ ክፍሉን አስቀድሞ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ከቤንዚን ሞተር ካንዴላ ጋር በስምም በመልክም ስለሚቀራረብ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ካንዴላ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ብልጭታ ይሰጣል። ካንዴሌታ ብልጭታ የለውም፤ ጫፉ ግሎ ይቀላና ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ ሥራው ያበቃል።

አሠራር

ናፍጣ የሚቀጣጠለው ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን የታመቀው አየር ሙቀቱን ለቀዘቀዘው ብረት ስለሚሰጥ ናፍጣው በጊዜው አይቀጣጠልም። የካንዴሌታው ጫፍ በሴኮንዶች ውስጥ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በመጋል ይህን ጉድለት ይሞላል። በ1936 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የመርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የቤት መኪናም በካንዴሌታ የሚነሣ ነበር።

ካንዴሌታ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ናፍጣው በቅድሚያ በትንሽ ክፍል ውስጥ የሚረጭባቸው ሞተሮች ናቸው። በኢትዮጵያ ገጠር መንገዶች የሚታወቀው ባለ 4.2 ሊትሩ የቶዮታ ላንድክሩዘር ሞተር ከእነዚህ አንዱ ነው። ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ የሚረጭባቸው ሞተሮች ሙቀት ስለማያባክኑ በቀላሉ ይነሣሉ፤ ብዙ ትራክተሮችና ከባድ መኪናዎች ካንዴሌታ ጨርሶ የላቸውም። ስለዚህ ለመነሣት ያስቸገረ ትራክተር ላይ ካንዴሌታ ከመፈለግ በፊት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ቆላና ደጋ

የካንዴሌታ ብልሽት በቆላ ሊደበቅ ይችላል። ሽንፋ በመተማ አካባቢ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ በሚገኘው ሞቃት ቆላ ውስጥ ያለች ስትሆን፣ የአካባቢው ከፍታ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ካንዴሌታ የተቃጠለበት ሞተር እንኳ ያለ ችግር ሊነሣ ይችላል። ሹፌሩ ብልሽቱን የሚያውቀው ሰሊጥ ጭኖ በአይከል በኩል ወደ ጎንደር ወጥቶ፣ ወይም እስከ ደባርቅ ዘልቆ ያደረ እንደሆነ በማግስቱ ማለዳ ነው።

ምክንያቱ ብርዱ ብቻ አይደለም። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ሲታመቅ የሚደርስበት ግፊት ይቀንሳል፤ የናፍጣው መቀጣጠልም ይዘገያል። በብርድ የወፈረው ዘይት ደግሞ ሞተሪኖው ሞተሩን በዝግታ እንዲያዞር ያደርገዋል። በተጨማሪም የቆላ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ካንዴሌታውና ሞተሪኖው የሚጠቀሙት ደግሞ በዚያው ባትሪ ነው። ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና ሽንፋ ሳለ መፈተሹ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የዳሽቦርዱ መብራትም ያሳስታል። በብዙ መኪናዎች መብራቱ የሚበራበትን ጊዜ የሚወስነው የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። በቆላ መብራቱ አንድ ሴኮንድ ብቻ በርቶ ቢጠፋ ጤነኛ ነው፤ በደባርቅ ማለዳ እንዲሁ ቢያደርግ ግን ሴንሰሩ «ሞተሩ ሙቅ ነው» ብሎ እየዋሸ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ መኪናዎች መብራቱ ሰዓት ቆጣሪ ብቻ በመሆኑ፣ ካንዴሌታዎቹ ሁሉ ቢቃጠሉም በርቶ ይጠፋል።

ምልክቶችና ምርመራ

ዋናው ምልክት ሞተሩ እየዞረ አለመነሣቱ፣ ሲዞርም የናፍጣ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ማውጣቱ ነው። ጭሱ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ከተነሣ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ተንገጫግጮ ከዚያ የሚስተካከል ከሆነ፣ ከካንዴሌታዎቹ የተወሰኑት አይሠሩም ማለት ይሆናል። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ግን ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰምና ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ሌሊት በላላ ቱቦ አየር የገባበት የናፍጣ መስመር በቅድሚያ ይጠረጠራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚያስቸግር ከሆነ ካንዴሌታን መውቀስ አይቻልም፤ የሲሊንደሩ እመቃ ወይም የፖምፓው ሁኔታ መታየት አለበት።

ምርመራው ከኤሌክትሪኩ መንገድ ይጀምራል። ቁልፉ ወደ ማሞቂያው ሲዞር ካንዴሌታዎቹን በሚያገናኘው ብረት ላይ ከባትሪው ጋር የተቀራረበ ቮልት መገኘት አለበት። ምንም ከሌለ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሴንሰሩና ገመዱ በየተራ ይፈተሻሉ። የዋልካ አፈር አቧራና የክረምቱ ጭቃ ማያያዣዎችን ስለሚያዝጉ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት ማያያዣዎቹን መጥረግ ርካሽ ሙከራ ነው።

ቮልቱ ካለ ማገናኛው ብረት ይፈታና እያንዳንዱ ካንዴሌታ ለብቻው ይለካል። የብዙዎቹ ጤነኛ ልኬት ከ2 ኦም በታች ነው፤ የተቃጠለው ምንም አያሳልፍም። ቴስተር በሌለበት አንድ ጫፉ ከባትሪው ፖዘቲቭ የታሰረ አምፖል በካንዴሌታው ራስ ላይ ይነካል፤ ካልበራ ካንዴሌታው ሞቷል። ቢበራ ግን ክሩ አለመበጠሱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ በበቂ መጋሉን አያረጋግጥም።

የተቃጠሉት ቁጥር ራሱ ምስክር ነው። አንዱ ብቻ ደጋግሞ ከተቃጠለ የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ናፍጣ እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተቃጠሉ ሪሌው ተጣብቆ ቀርቷል ወይም የካንዴሌታዎቹ ቮልት ከመኪናው ጋር አይስማማም። ሪሌው ሲበላሽ ካንዴሌታውን በእጅ በሚጫን ቁልፍ በቀጥታ ማብራት የተለመደ መላ ነው፤ ያገለግላል፣ ነገር ግን ቁልፉን ረዘም አድርጎ መጫን ካንዴሌታውን ያቃጥላል።

አፈታትና ጥንቃቄ

ለዓመታት ያልተነካ ካንዴሌታ በካርቦን ይያዛል። ሞተሩ ሞቅ ባለበት ጊዜ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተደርጎበትና በዝግታ ይፈታል። በኃይል የተፈታ ካንዴሌታ ውስጥ ከተሰበረ ቴስታታውን ማውረድ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ የጥቂት ደቂቃው ሥራ ወደ ትልቅ ወጪ ይለወጣል። ጫፉ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ከወደቀ ሞተሩ ቁራጩ እስኪወጣ ድረስ መዞር የለበትም፤ ፒስተኑን ይበሳዋል።

በአየር ማስገቢያው ኤተር መንፋት ካንዴሌታ ላለው ሞተር አደገኛ ነው። ኤተሩ የጋለውን ጫፍ ሲነካ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ፒስተን ሊሰብር፣ በአቅራቢያ የቆመውንም ሰው ሊያቃጥል ይችላል።