ከካሮት የተጀመረው መነጽር

ቦንጋ ውስጥ አንድ አባት ስልካቸው ላይ መልእክት ገባ እንበል። ስልኩን ያቀርቡታል፣ ያርቁታል፣ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ። ሲያቅታቸው «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» ብለው ለጎረቤት ልጅ ይሰጡታል። እኛ ደግሞ እንስቃለን። ቀስ እያልን እንሳቅ ጎበዝ፤ 40 ዓመት የማይመጣበት ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ቅርጹን ይቀያይራል፤ ሩቅ ስናይ ይሳሳል፣ ቅርብ ስናይ ይወፍራል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ይጠነክርና እንደ ልብ መወፈር ያቅተዋል። ያን ጊዜ መነጽር እንገዛለን። መነጽሩም ግትር ነው፤ የማንበቢያው ለመንገድ አይሆንም። ታዲያ እንደ ወጣት ዓይን የሚለዋወጥ ሌንስ መሥራት አይቻልም? ይቻላል። ታሪኩ ግን ረጅም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1888 ከፋ ገና የራሱ ንጉሥ ያለው መንግሥት ነበር፤ የምኒልክ ጦር የያዘው ከ9 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ፍሬድሪክ ራይኒትዘር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ፕራግ ከተማ ውስጥ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። ከካሮት በወጣ ኮሌስትሮል የሠራውን ውህድ ሲያሞቀው በ145.5 ዲግሪ ቀለጠ፤ ፈሳሹ ግን ድፍርስ ነበር። ሙቀቱ 178.5 ሲደርስ ደግሞ ጥርት አለ። ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ ነገር! ራይኒትዘር ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት። ሌማንም በማይክሮስኮፕ መረመረው፦ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ውስጡ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት አለው። «ፈሳሽ ክሪስታል» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለ80 ዓመት ያህል ግኝቱ ከቤተ ሙከራ ብዙም አልወጣም። በ1968 አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ ማሳያ አስተዋወቀ። የእጅ ሰዓቱ፣ ካልኩሌተሩና «ኤልሲዲ» የምንለው ቴሌቪዥን ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው።

በ1979 ጃፓናዊው ሱሱሙ ሳቶ ፈሳሹን በሌንስ ቅርጽ ሞልቶ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ሞለኪውሎቹን እንደ ክብሪት እንጨት አስቧቸው። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ይዞራሉ፤ እነሱ ሲዞሩ ብርሃን የሚታጠፍበት መጠን ይለወጣል። ሌንሱ ሳይነቃነቅ አንዴ ቅርቡን፣ አንዴ ሩቁን ያጠራል ማለት ነው። በኋላ ተመራማሪዎች የፕላስቲክ ዘመድ የሆነውን ፖሊመር ጨመሩበት። ፖሊመሩ ሞለኪውሎቹን እንደ መረብ ስለሚይዛቸው፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ቶሎ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

በ2011 ፒክስልኦፕቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ቴክኖሎጂ መነጽር ላይ አድርጎ ገበያ አወጣው። ዘንጉን ነካ ሲያደርጉት የማንበቢያው ክፍል ይበራል። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2013 ኩባንያው ከሰረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ቦንጋው አባት እንመለስ። ተራው መነጽር ጣሊያን አገር ከተሠራ 700 ዓመት አልፎታል። ሆኖም በ2005/06 አገራችን ውስጥ የተካሄደ ብሔራዊ ጥናት፣ እይታቸው ከደከመ ሰዎች ከ3 አንዱ ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል ዓይነት መሆኑን አሳይቷል።

ዋጋው ምን ያህል ነው? በሕንድ አሳም ግዛት 751 ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ሻይ ለቃሚዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ተራ የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው በ21.7 በመቶ ጨመረ። ሻይ ለቀማ ደግሞ ለከፋ ሩቅ አይደለም፤ የውሽውሽ ሻይ ልማት ያለው እዚያው ቦንጋ አጠገብ ነው። ቡናውን በእጅ የሚለቅሙት እናቶችም ጥሩውን ፍሬ ከተበላሸው የሚለዩት በዓይናቸው ነው።

ኤሌክትሪኩ ሌንስ እንደሚያስደንቀን አንክድም፤ አንድ ቀን ረክሶ ይደርሰን ይሆናል። ታሪኩ የሚነግረን ግን መፈልሰፍና መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ከካሮቱ እስከ 2011ዱ መነጽር 123 ዓመት ፈጀ። አባታችን ይህን ያህል አይጠብቁም። ለበዓል አገር ቤት ስንገባ ከዳቦውና ከስኳሩ ጋር አንድ ነገር እንጨምር፦ ወላጆቻችንን ዓይናቸውን እናስመርምር፣ መነጽርም እንግዛላቸው። መልእክታችንን ራሳቸው ያንብቡት።