ሌዘሩ ያልለያቸው ዘመዳሞች

ኮይቺ ታናካን የምወደው ጀግና ስላልነበረ ነው። ኪዮቶ ውስጥ ሺማዙ የሚባል ኩባንያ ተቀጣሪ፣ ዶክትሬት የሌለው መሐንዲስ። በ1985 እ.ኤ.አ. ግሊሰሪንን ከኮባልት ዱቄት ጋር በስህተት ቀላቀለ፤ መጣሉ ቢያሳዝነው ሞከረው። ትልልቅ ሞለኪውሎች በሌዘር ተመትተው ሳይሰባበሩ ተነሡ። በ2002 ኖቤል ተሸለመ።

ዛሬ ላብራቶሪዎች የሚሠሩበት ግን ጀርመኖቹ ካራስና ሂለንካምፕ ያበጁት ማልዲ ነው። ያደገው ባክቴሪያ ከልዩ ኬሚካል ጋር ይደርቃል፣ ሌዘር ይመታዋል፣ ፕሮቲኖቹ ቱቦ ውስጥ ይሮጣሉ። ቀላሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከባዱ ይዘገያል። ይህ አደራረስ እንደ ጣት አሻራ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ በደቂቃዎች ስም ይወጣለታል።

ታዲያ ሁሉም አለቀ? አላለቀም። ኢ. ኮላይና ሺጌላ በጣም ስለሚዛመዱ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። አንዱ አብዛኛውን ጊዜ አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖር ነው፤ ሌላው የደም ተቅማጥ ያመጣል። ልዩነቱ ለታማሚው ቀላል አይደለም።

ኪዮሺ ሺጋ በ1897 ጃፓን ውስጥ ሺጌላን ሲያገኝ፣ ባክቴሪያውን ከታማሚዎች ሴረም ጋር አገናኝቶ ሲጓጎል አይቶ ነበር። ዛሬም ሌዘሩ ሲያመነታ፣ ባለሙያው ጠብታ ሴረም ጨምሮ መጓጎሉን ያያል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ አዲሱ መጣ ተብሎ አሮጌው አይጣልም።